ጥቁር ክር በነጭ ሸሚዝ

ተኳሿ ሸሚዝ መተኮስ የምትጀምረው ከኮሌታው ነው። ከሁለቱም ጫፍ ወደ መሀል ትተኩሰዋለች፤ ወደ ውጭ ከገፉት ጫፉ ይሸበሸባል። ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ እጅጌው፤ ደረቱ መጨረሻ ላይ። ጥቁር ሱሪ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሳታነጥፍ ካውያ አታሳርፍም፤ ያለዚያ ጨርቁ ይብለጨለጫል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ላውንደሪው ውስጥ ተቀጥራ፣ ሁለት ሸሚዝ አቃጥላ፣ ሁለት ቀን አልቅሳ በራሷ የደረሰችበት ነው። አሁን ስድሳ ልትደፍን ሁለት ዓመት ቀርቷታል።

የላውንደሪው ፊት ባንኮኒ ነው፤ ጀርባው መተኮሻ ክፍል። መሀሉን ፀሐይ ያጠወለገው አረንጓዴ መጋረጃ ይለየዋል። ባንኮኒው ላይ የምትሠራው ታናሽ እህቷ ናት። ልብስ ትቀበላለች፣ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ጨርቅ ውስጡ ላይ ትሰፋለች፣ ሲያልቅ ታስረክባለች። ድምፅዋ ሦስት ሱቅ አልፎ ስለሚሰማ ሰፈሩ «ደወሏ» ይላታል። ታላቂቱ ግን ሰላምታ ስትመልስ እንኳ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ደንበኞች ልብሳቸውን ሲወስዱ «እትዬን እግዜር ይስጥልን በይልን» ብለው በመጋረጃው በኩል መልእክት ይልካሉ፤ እሷም ከወዲያ ሆና ብቻዋን አንገቷን ትነቀንቃለች።

ይህች ዝምተኛ ሴት አንድ ኩራት ነበራት። ዘፈን ተዘፍኖላታል።

ዘፋኙ ያኔ ስም ያላወጣ ቀጭን ልጅ ነበር። ያለው አንድ ነጭ ሸሚዝ ነው። ረቡዕ ጠዋት ያመጣዋል፣ ሐሙስ ከሰዓት ይወስደዋል፣ ሐሙስ ማታ ይዘፍንበታል። ሁለት ዓመት እንዲህ ተመላለሰ። ቀጥሎ ባወጣው ካሴት ላይ «የተጨማደደ ልቤን፣ በእጅሽ ሙቀት አቃናሽው» የሚል ዘፈን መጣና አገር ምድሩ አበደለት። ተኳሿ መጀመሪያ ስትሰማው ካውያ በእጇ ነበር። ካውያውን አቁማ ሰማችው። የተጨማደደ ነገር የምታቃና ሌላ ማን አለች? ለእህቷ ብቻ፣ በጆሮዋ፣ «እኔን ሳይሆን አይቀርም» አለቻት። ለደወሏ የተነገረ ምስጢር ደግሞ ምን ያህል እንደሚቆይ የታወቀ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላ ጫማ ጠራጊው ሳይቀር ሰማ።

ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ግንበኛ ነበር። ዘፈኑ በሬዲዮ በመጣ ቁጥር «ተነሺ እንጂ፣ ባልሽ መጥቷል!» ይላታል። «ዝም በል አንተ!» ትለዋለች፤ ፊቷ ግን ይበራ ነበር። ደወሏ በበኩሏ ባሏ ጥሏት ከሄደ ሃያ ዓመት ሆኗታል። «ላንቺስ ተዘፍኖልሻል» ትላለች ከት ብላ እየሳቀች፣ «እኔን ሰውዬው ለሰባት ዓመት ‹ስሚ› እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅ!» ተኳሿም እንዲህ ስትባል፣ ምንም ባትናገርም፣ ልቧ ሞላ ይል ነበር።

ዘፋኙ ዛሬ «አንጋፋው» ነው የሚባለው። ድምፁ ሻክሯል፣ ስድሳን አልፏል። ከብዙ ዝምታ በኋላ አዲስ ዘፈን ካወጣ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ላውንደሪው በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ከጭቅጭቅ አላረፈም። ቅዳሜ ከሰዓት ሦስቱ አድናቂዎች እንደ ልማዳቸው ተደርድረዋል፤ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ባለታክሲውና የጎረቤት ሱቅ ስልክ ጠጋኝ። ስልክ ጠጋኙ ድምፅ ማጉያውን ወደ እነሱ አዙሮ ዘፈኑን ለቀቀው፦

ነጭ ሸሚዜን ሰጠሁሽ ቁልፉ ቢወልቅብኝ፣
በጥቁር ክር ሰፋሽልኝ፣ ማን ነው የፈታብኝ?
ማን ነው የፈታብኝ፣ ማን ነው የፈታብኝ፣
ስለብሰው በማግሥቱ ያ ክሬ ጠፋብኝ።

«በቃ፣ አጥፋው!» አሉ መምህሩ። «አራቱንም ስንኝ በ‹ብኝ› ቤት የመታ ገጣሚ በዕድሜዬ አላየሁም። ተማሪዬ ቢሆን ዜሮም ይበዛበት ነበር። ያ ‹በእጅሽ ሙቀት› ያለ ሰው ነው ይሄ?»

«ጋሼ፣ ግጥሙን ይተዉት፤ ነውሩስ?» አለ ባለታክሲው። «ትናንት አንዲት እናት ከነልጃቸው ተሳፍረው፣ ‹ማን ነው የፈታብኝ› ሲል ‹ወይ እሱን አጥፋ ወይ እኛን አውርደን› አሉኝ። እኔ እኮ ነኝ ያፈርኩለት! በዚህ ዕድሜው ቁልፌን ፈቱብኝ ብሎ ይዘፍናል?»

«ሁለታችሁም አልገባችሁም» አለ ስልክ ጠጋኙ። «ነጭ ሸሚዝ ሰላም ነው። ጥቁር ክር ሐዘን ነው። ማን ፈታብኝ ሲል ስለ ትልልቆቹ ነው የሚያወራው።»

«የትኞቹ ትልልቆች?»

«ትልልቆቹ ነዋ!» ብሎ በጣቱ ወደ ጣሪያው ጠቆመ።

መምህሩ ቀና ብለው አዩ። «እዚያ ላይ ከድመት በቀር የለም።»

«ይሳቁ ጋሼ። ሰውዬው ራሱ ሬዲዮ ላይ ምን አለ? ‹ሴትየዋ ያችው የድሮዋ ናት። ያኔ ሸፋፍኜ ያለፍኩትን አሁን በግልጽ አልኩት› አላለም?»

«በግልጽ ካለው ታዲያ አንተ ምን ያስተረጉምሃል?» አለው ባለታክሲው።

ከመጋረጃው ጀርባ ተኳሿ ካውያዋን አቁማ ትሰማለች። ሐዘንም፣ ነውርም፣ ትልልቆቹም እንዳልሆኑ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ዘፈኑን በሰማችበት በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቀችው።

ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ያ ነጭ ሸሚዝ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ነበር። እጅጌውን ጨርሳ ወደ ደረቱ ስትመጣ ሦስተኛው ቁልፍ በጥቁር ክር ተሰፍቶ አገኘችው። የማን ስፌት እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ እህቷ ቁልፍ ስትሰፋ ክሩን ከሥሩ ደጋግማ ስለምትጠመጥመው ቁልፉ እንደ እንጉዳይ ብድግ ብሎ ይቆማል። መቀስ አነሳች፣ በጠሰችው፣ በነጭ ክር አስተካክላ ሰፋችው። ነጭ ላይ ጥቁር ያስጠላል ብላ ነው። እንዲህ ነበር ያኔ ለራሷ የነገረችው። ያኔ ግን ልጁ ሸሚዙን ሲወስድ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ቆይቶ ቆይቶ እንደሚሄድ፣ እህቷ ስትስቅ እሱም እንደሚስቅ፣ በመጋረጃው ስንጥቅ በኩል ታይ ነበር። የእጅ ሙቀት የሚያውቀው እጅ የነካ ነው። እሷን ከመጋረጃ ጀርባ መቼ አይቷት ያውቃልና?

አዲሱ ዘፈን ከወጣ ወዲህ ሁለት ሳምንት ሙሉ እህል አልዋጥላት አለ። እህቷን በጎን ታያታለች። እጇን፣ አንገቷን፣ ስትስቅ ወደ ኋላ የምትጥለውን ጭንቅላት። ምኗ ነው? ስፌቷ እንኳ ስፌት አይደለም! ባለፈው ሰኞ ደወሏ አዲስ ሻርፕ ጣል አድርጋ ብትመጣ «ለማን ነው ይሄ ሁሉ?» ብላ ተናገረቻት። ደወሏ ደንግጣ ሻርፑን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ተኳሿ አፈረች። ግን ሻርፑ በመውለቁ ደስ አላት።

አሁን ውጭ የደወሏ ድምፅ ተነሣ። «ስሙኝማ! አርጅቶ አፉ እንዳመጣለት ነው የሚለው! እህቴ የማንንም ቁልፍ ፈትታ አታውቅም!»

«የባሏንም?» አለ ባለታክሲው።

«አንተ ባለጌ! በል ቆይ፣ ዛሬ ሬዲዮ ላይ የአድማጮች ሰዓት ደውዬ ልክ ልኩን ነው የምነግረው። እንዲህ አድርጎ ስሟን አያጠፋም!»

መምህሩ አግዳሚው ላይ ወደ ኋላ ዞረው በመጋረጃው በኩል ተጣሩ። «እትዬ! የጉዳዩ ባለቤት እርስዎ ነዎት። እስቲ ይፍረዱን፤ ጥቁር ክር ማለቱ ምን ማለቱ ነው?»

ተኳሿ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ብቅ አለች። አራት ፊት ወደ እሷ ዞረ። በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ያከበሯት በዚያ ዘፈን ነው። ዘፈኑ ከተወሰደባት ምን ትባላለች? ከመጋረጃ ጀርባ ያለች ተኳሽ።

«አርጅቷል» አለች ቀስ ብላ። «ምንም ማለት አይደለም።»

«አየህ!» መምህሩ ጉልበታቸውን መቱ። «ባለቤቷ መሰከረች! ያለቀለት ግጥም ነው!»

ደስ አላት። ደስታው ግን ያልታጠበ ሱፍ እንደለበሱ ዓይነት ነው፤ ይበላል።

ደወሏ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቆማለች። «ጠብቂ አሉኝ! ከአንድ ሰው በኋላ እኔ ነኝ!» ጉሮሮዋን ጠረገች፤ የምትለውን በእጇ እያሰላች ትለማመዳለች። «‹አንተ ሽማግሌ፣ አታፍርም?› ብዬ ነው የምጀምረው።»

ተኳሿ አየቻት። ደም ሥሯ ተገታትሯል፣ ዓይኗ ቀልቷል። ለእሷ ብላ ከአገር ልትጣላ ነው። እሱም ቤቱ ቁጭ ብሎ እየሰማ ይሆናል፤ ይህን ሁሉ ዘመን በልቡ ይዟት የቆየ ሰው፣ አገር ሁሉ እየሰማ፣ በእሷው አፍ ሊሰደብ ነው።

«ስልኩን ዝጊው» አለች።

«ተይኝ እትዬ። አንቺ ዝም በይ፣ እኔ እነግረዋለሁ።»

«ላንቺ ነው።»

«ምኑ?»

«ዘፈኑ። አዲሱም፣ የድሮውም። ቁልፉን የሰፋሽለት አንቺ ነሽ። ሦስተኛውን። እንደ እንጉዳይ አቁመሽው።»

ደወሏ አንዴ እህቷን፣ አንዴ ስልኩን አየች። ግንባሯን ቋጥራ ብዙ አሰበች።

«ነጭ ክር አልቆብኝ ነበር እኮ» አለች በመጨረሻ።

«ምን?» አለ ስልክ ጠጋኙ።

«ነጭ ክር አልነበረኝም። የነበረኝ ይቺ ቁጥር የምሰፋባት ጥቁር ክር ናት። ደረቱ ተከፍቶ ከሚዘፍን ብዬ፣ እዚያው እያየኝ …»

«ሐዘን አይደለም ማለት ነው?»

«የምን ሐዘን? ክር ነው!»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ባለታክሲው ሊስቅ ከጅሎ የደወሏን ፊት ሲያይ ተወው። ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር።

«ማን ፈታው ታዲያ?» አለች።

«እኔ።»

«ያስጠላል ብለሽ ነው?» ደወሏ ይህን ያለችው በደግ ድምፅ ነው። ተኳሿ ራሷን ነቅንቃ ብታልፍ ነገሩ እዚያው ባለቀ።

«አይደለም» አለች። «ቀንቼ ነው።»

ከስልኩ ውስጥ የወጣት ሴት ድምፅ ተሰማ። «ሄሎ፣ አድማጫችን፣ መስመር ላይ ነዎት! ስለ አዲሱ ዘፈን ምን ይሉናል?»

ሦስት ሱቅ አልፎ የሚሰማው ድምፅ እንደ ሕፃን ቀጠነ። «እ … ምንም አልልም። ድገሙልኝ። ዘፈኑን ድገሙልኝ።»

ደወሏ ስልኩን ዘግታ፣ ወንዶቹን በእጇ ዝም አሰኝታ፣ የስልክ ጠጋኙን ማጉያ ወደ ሬዲዮው አስቀየረችና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወደ እህቷ አላየችም። ተቆጥታ ይሁን፣ ይቅር ብላ ይሁን፣ ጨርሶ ረስታት ይሁን፣ ከጀርባዋ አይታወቅም። ዘፈኑ ጀመረ። የሻከረው ድምፅ «ማን ነው የፈታብኝ» ሲል፣ እነዚያ አራት የማይረቡ ስንኞች ለደወሏ ሲሆኑ እንዴት እንደሚያምሩ ተኳሿ ሰማች።

አንዲት ደንበኛ ደረሰኝ ይዛ ገባች። ባንኮኒው ላይ ሰው የለም። ደወሏን አንዴ ጠራቻት፣ ሁለቴ ጠራቻት፤ አትሰማም። ተኳሿ ከመጋረጃው ወጥታ፣ ባንኮኒውን ዞራ፣ ደረሰኙን ተቀበለች። ይህን ሥራ ሠርታው ስለማታውቅ ቁጥሩን ፈልጋ ለማግኘት ጊዜ ፈጀባት። ግራጫውን ቀሚስ ከመስቀያው አውርዳ እጥፋቱን በመዳፏ ዳሰሰችና ሰጠቻት።

«ዛሬ ምን ተገኘ?» አለች ደንበኛዋ፣ በአገጭዋ ወደ አግዳሚው እየጠቆመች።

«ለእህቴ እየተዘፈነላት ነው» አለች ተኳሿ። አፏ ውስጥ ቃሉ ኮመጠጣት። ደንበኛዋ በደንብ ያልሰማች መስሎ ስለታያት ግን፣ ትንሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው።