የቅቅሉ ቂም

ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ «ቅቅሉ» ይሉታል። ከግራ ጆሮው እስከ ትከሻው ድረስ ቆዳው በእንፋሎት ተገሽልጦ የዳነ ቦይለር ሠሪን ሌላ ምን ብለው ይጥሩት? ሲጠሩት አብሮ ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን ለሚስቱ፣ ያቃጠለው ሰው እስካልተቃጠለ ድረስ ሳቁ የውሸት መሆኑን ይነግራታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ነውና እሷም ተው አትለውም፤ አንገቱን ቅባት ትቀባዋለች።

ያቃጠለው ካቦው ነው። በወጣትነታቸው የአንድ ሳሙና ፋብሪካ ቦይለር፣ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣውን ጋን፣ ሲጠግኑ፣ ካቦው እሳቱን አስለኩሶ ውሃውን መቆጣጠር ትቶ ወሬውን ይሰልቅ ጀመር። ውሃው ጎደለ፣ ብረቱ ጋለ፣ ፈነዳና አጠገቡ የነበረውን ቅቅሉን ለበለበው። አለቆች ሮጠው ሲመጡ ካቦው ምን ቢል ጥሩ ነው? «የለቀቀው ብየዳው ነው፤ የበየደው ደግሞ እሱ ነው» አላቸው።

በዚያ ሙያ አንድ ሕግ አለ። ብየዳህ ተበላሸ ከተባልክ፣ ባልደረቦችህ ቆመው እያዩህ የገዛ ብየዳህን በገዛ እጅህ ፍቀህ ታወጣለህ። ቅቅሉም አንገቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ፋቀ። ከፍንዳታው የተረፈው ብየዳ እስከ ሥሩ ድረስ ንጹሕ ነበር፤ ቀዳዳ የለው፣ ቆሻሻ የለው። ይህን ቢናገር ግን ማን ሊሰማው? እጁ አይታመንም ተብሎ ተባረረና ለዓመታት የመስኮት ፍርግርግ ሲበይድ ኖረ። ልብስ ሰፊን ዕድሜ ልኩን ቁልፍ ብቻ ትከል እንደማለት ነው።

ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ስሙን ቀስ በቀስ መልሶ ሠራ፤ መጀመሪያ ትንንሽ ጥገና፣ ቀጥሎ ትልልቁ፣ በመጨረሻም ምርመራ። ሲሸብት እሱ «ጤነኛ ነው» ያላለውን ቦይለር የሚገዛ ፋብሪካ ጠፋ። ካቦው በበኩሉ የራሱን ወርክሾፕ ከፍቶ ነበር። ለአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት አዲስ ቦይለር ሠራና ገዢው መርማሪ ይዞ መጣ። መርማሪው ቅቅሉ ሆኖ ሲያገኘው የካቦው ፊት አመድ መሰለ።

ምርመራው ቀላል ነው። ቦይለሩ ቀዝቃዛ ውሃ ይሞላና ውሃው በፓምፕ ይታመቃል፤ ብየዳው ላይ ጠመኔ ይቀባል። ብየዳው የሚያፈስ ከሆነ ጠመኔው ይጠቁራል። ቅቅሉ ባትሪውን አብርቶ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ተከተለው። እንከን ፈለገ፤ እንከን ለመነ ማለት ይሻላል። አጣ። እንዲህ ያለ ብየዳ ካየ ቆይቷል፤ ይሄ ደግሞ ይባስ አበሸቀው። ማንም እንዳላየው አረጋገጠና አውራ ጣቱን ልሶ ጠመኔው ላይ ጫን አደረገ።

«ያፈሳል» አለ።

ሠራተኛው ተሰብስቦ ጥቁሩን ነጥብ አየ። ካቦውም ቀርቦ መጀመሪያ ነጥቡን፣ ቀጥሎ ቅቅሉን አየና ሁሉ ነገር ገባው። ቢገባውስ? ገዢው የራሱን መርማሪ ትቶ እሱን ሊያምን ነው? የቅቅሉ አንጀት ቅቤ ጠጣ። በል እንግዲህ አጎንብስ፣ ፋቅ፣ እያለ በሆዱ ጠበቀው።

የብረት መፋቂያውን ግራይንደር ያነሳችው ግን ከሰው ኋላ ቆማ የነበረች ወጣት ሴት ናት። የካቦው ልጅ ናት፤ ብየዳውም የሷ ነው። አባቷ ተይው ብሎ ክንዷን ያዘ። ሕግ ሕግ ነው ብላ ክንዷን አስለቀቀችው። ውሃው እንደተለቀቀ ማስኳን ዝቅ አድርጋ መፋቅ ጀመረች።

ትንሽ ፋቀች፤ ቆመች፤ በጓንቷ ጠርጋ አየች። ደግሞ ፋቀች፤ ደግሞ አየች። ምን እንደምታይ ቅቅሉ ያውቃል፤ ንጹሕ ብረት ነው የምታየው። አሁን ውሸታም ብላ ትጮህብኛለች ብሎ መልሱን አዘጋጀ።

ማስኳን አነሳች። «ጋሼ፣ እኔ ምንም አልታየኝም። እርስዎ ካሉ ግን አለ ማለት ነው» አለችው። ቀጥላም እጇን እያየች፣ «ከእንግዲህ ይሄን እጅ እንዴት ነው የማምነው?» አለች።

ቅቅሉ ጥያቄውን ያውቀዋል። ፍርግርግ በበየደባቸው ዓመታት ሁሉ ራሱን ሲጠይቅ የኖረው ይህንኑ ነው፤ ከእንፋሎቱ ይልቅ ያንገበገበውም ይሄ ነበር።

«ብየዳሽ ጤነኛ ነው» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ጠመኔውን ያረጠበው የኔ ምራቅ ነው። አባትሽን አገኘሁ ብዬ አንቺን አቃጠልኩ። እንዲህ አድርጎ መዋሸትን ያስተማረኝ ግን እሱ ነው፤ ጠይቂው።»

ገዢው ጭንቅላቱን ነቅንቆ ወጣ። ከዛሬ ወዲያ ማንም ለምርመራ እንደማይጠራው ቅቅሉ አውቆታል፤ ያን ያህል ለፍቶ የመለሰውን ስም በአንድ አፍ በተነው። የሚያየው ግን ካቦውን ብቻ ነበር። ይቅር አላለውም፤ ሊልም አላሰበም።

ልጅቱ እውነት ነው ወይ ብላ አባቷን ጠየቀችው። ካቦው ወለሉን አየ፣ ፓምፑን አየ፣ ሠራተኞቹን አየ፤ እሷን ብቻ አላየም።

«ውሃውን አላየሁትም ነበር» አለ በመጨረሻ። «የሱ ብየዳ ደህና ነበር።»

ቅቅሉ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ቃል ይሄው ነው። ደስ አለው፤ ምን ይደበቃል፣ በጣም ደስ አለው።

ልጅቱ ወደ ብየዳዋ ተመለሰች። የፋቀችውን መልሳ ልትበይድ ጎንበስ ብላ፣ የመበየጃ ዘንግ፣ ኤሌክትሮድ፣ ፍለጋ ዓይኗን ወዲያ ወዲህ አደረገች። ሁለቱም ሽማግሌዎች እኩል ፈጠኑ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ኤሌክትሮድ አንስተው እጃቸውን ዘረጉላት። ከአንዳቸውም አልተቀበለችም፤ በመካከላቸው አልፋ ራሷ ሄዳ አመጣች።