ማብሪያውን የሚጫኑልኝ ሰው

እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ መሀል፣ ድርጅታችን አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለችው። ውስጧ ሰው የሚያህል የብረት መደርደሪያ ቆሟል። እዚያ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ከከተማው የሚላከውን ኢንተርኔት ተቀብለው ከጋራው ማዶ ላሉ ደንበኞቻችን ያስተላልፋሉ። እነሱን መከታተል የእኔ ሥራ ነው። ቢሮዬ ሲግናል አካባቢ ነው፤ የምኖረው ኮተቤ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ብቻዬን። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ የሚያወራ ነገር ቢኖር ቴሌቪዥኑ ነው።

ጋራው ላይ መብራት ረግቶ አይውልም። ሲዋዥቅ መሣሪያዎቹ አይጠፉም፣ አይሠሩምም፤ ፈዘው ይቀራሉ። መድኃኒቱ አጥፍቶ ማብራት ብቻ ነው። ለዚያ ብዬ በየቀኑ ጋራ መውጣት ስለማልችል ለጥበቃው እደውላለሁ።

ጥበቃው ስድሳ ያለፋቸው የወላይታ ሰው ናቸው። ቤተሰባቸው አገር ቤት ነው፤ እሳቸው እዚያው ግቢ ውስጥ ባለች የጥበቃ ቤት ይኖሩ ነበር። እሁድ እሁድ ብቻ፣ ተተኪ ሲመጣላቸው፣ ቀበና ወዳለው ቸርቻቸው ይወርዳሉ። ስደውልላቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ወደ ክፍሏ ይገባሉ። የትኛው እንደሆነ እነግራቸዋለሁ፤ ያጠፋሉ፣ በራሳቸው ቋንቋ እስከ ሃያ ይቆጥራሉ፣ ያበራሉ። ከዚያ መሣሪያው እስኪነሳ አራት አምስት ደቂቃ መጠበቅ አለ። ስልኩን አንዘጋውም። ጉሙ እንዴት እንደወረደ፣ ትንሿ ልጃቸው አስተማሪ ሆና እንደተመደበች፣ ቅጠል የሚሸከሙት ሴቶች ዝናብ ሲይዛቸው እሳቸው ጋ እንደተጠለሉ ይነግሩኛል። ምሳ በልቼ እንደሆነም ይጠይቁኛል። ይህን የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ያኔ ግን እንደዚያ ብዬ አላሰብኩትም፤ ሥራ ነው ብዬ ነበር የያዝኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መስመሩ ተቋረጠ። ብደውል፣ ብደውል ስልኩ አይነሳም። ለካ አሟቸው ጤና ጣቢያ ወርደው ኖሯል። ደንበኞቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጮሁብን ዋሉ። በማግስቱ አለቃዬ መላ ፈልጊ አለኝ፣ ፈለግሁ። ያገኘሁት ከርቀት የሚታዘዝ የኃይል ማስተካከያ ነው። ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን ሆኖ መደርደሪያው ላይ ይታሰራል፤ የሚዋዥቀውን ኤሌክትሪክ አጣርቶ ያሳልፋል፤ የራሱ ሲም ካርድ ስላለው ደግሞ ከጀርባው ያሉትን ስምንት ሶኬቶች አንድ በአንድ ከስልኬ ላይ ማጥፋትና ማብራት እችላለሁ። በግዢ ጥያቄው ላይ «በቦታው ሰው መኖሩ ግድ አይሆንም» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ከጻፍኩት ሁሉ ያሰመረው በዚህችው ሥር ነበር።

የተከልኩት ሐምሌ ውስጥ ነው። የድርጅቱ መኪና በፈረንሳይ ሰፈር በኩል አውጥታኝ ጭቃው ሲይዛት መንገድ ላይ ጣለችኝ። ሳጥኑን ከእጄ ተቀብለው በትከሻቸው የወሰዱት ጥበቃው ናቸው። ዋናውን መብራት አጠፋሁና የድሮዎቹን ዲቫይደሮች አወጣሁ። እሳቸው በአንድ እጃቸው ባትሪ አበሩልኝ፣ በሌላው ካቻቢቴና ፒንሳ አቀበሉኝ። ሳጥኑን ከታች አሰርኩት፤ የመሬት ሽቦውን አጠበቅሁ፤ መሣሪያዎቹን በየሶኬታቸው ሰክቼ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚነሱ አስተካከልኩ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ሥራዬን ላሳያቸው ብዬ ደጅ ይዣቸው ወጣሁና በተከፈተው በር እያየን ስልኬን ነካሁት። ከላይ ሦስተኛው መሣሪያ ጠፋ። እንደገና ነካሁት፣ በራ።

ኮፍያቸውን አውልቀው ሳጥኑን ትንሽ አዩት። «ጥሩ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «እንግዲህ አትደውይልኝማ» አሉኝ።

«ኧረ እደውላለሁ» አልኳቸው።

አልደወልኩም። ሳጥኑ እንከን አልነበረበትም። መስመሩ የፈዘዘ ሲመስለኝ ምሳዬን እየበላሁ አንዱን ሶኬት አጠፋለሁ፣ አበራለሁ፤ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ትመጣለች። ቢሮው አመሰገነኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ጋራው ላይ ያለ ነገር ለእኔ መታዘዙ መጀመሪያ ላይ ያስደስተኝ ነበር። ከዚያ ቀናት ይመጡ ጀመር፤ ኮተቤ ወርጄ በሬን ስከፍት ከጠዋት ጀምሮ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ከአፌ እንዳልወጣ የማስታውስባቸው።

ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ያለ ምንም ምክንያት ደወልኩላቸው። ገና «አቤት» እንዳሉኝ እግራቸው ጠጠሩን ሲረግጥ ተሰማኝ። ወደ ክፍሏ እየሮጡ ነበር።

«የትኛውን ላጥፋ?» አሉኝ እያለከለኩ።

«ምንም አልተበላሸም። እርስዎ ደህና ነዎት ወይ ብዬ ነው።»

ቆሙ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅሁ። ከዚያ ደህና መሆናቸውን፣ በወሩ መጨረሻ ግን ሥራው እንደሚያበቃ ነገሩኝ። በሩ ላይ ካሜራ ስለሚገባ ቋሚ ጥበቃ አያስፈልግም ተብለዋል። እኔ አልሰማሁም ነበር። የጻፍኳትን ዓረፍተ ነገር ልደብቃቸው አልፈለግሁም፤ ነገርኳቸው።

«አውቄው ነበር» አሉ። «ያን ቀን በር ላይ ቆመን አሳይተሽኝ የለ? ሥራሽ ነው ልጄ። እኔን ያስከፋኝ አለመደወልሽ ነው።»

ይቅርታ ያልኩ ይመስለኛል።

አለቃዬን ላነጋግር ገባሁ። ጉዳዩ እንዳለቀ፣ አሁን አንድ ሰው በሞተር እየዞረ ብዙ ጣቢያ እንደሚያይ በእርጋታ አስረዳኝ። የራሴን ቃላት ነበር መልሶ የሚነግረኝ። በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ከመሄዳቸው በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ቢሮ ሳይልከኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጋራው ወጣሁ። ቦዬ የሚሉትን የአገራቸውን ሥራ ሥር ቀቅለው፣ በሚያቃጥል ዳጣ አቀረቡልኝና ደጃፍ ላይ ተቀምጠን በላን። ስለ መሣሪያ አላወራንም። ስለ እናቴ ጠየቁኝ፤ ብዙ ነገርኳቸው፤ እንደዚያ ማውራት እንደምችል ረስቼው ነበር። እንደተለያየን ቁልቁል ስወርድ ዞሬ አላየሁም፤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

አገራቸው ከገቡ በኋላ በልጃቸው ስልክ ሁለት ጊዜ ደወሉልኝ። ኔትወርኩ እየቆራረጠ ግማሹን ሳንሰማማ ዘጋነው። ባለፈው ወር እኔ ደወልኩ። ልጃቸው አንስታ አባቷ ማሳ እንደሄዱ፣ ማን ብላ እንደምትነግራቸው ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ነው ስሜን ጠይቀውኝ እንደማያውቁ የገባኝ። እኔም የሳቸውን አላውቅም፤ ስልኬ ላይ የመዘገብኳቸው «እንጦጦ ጥበቃ» ብዬ ነው።

«የእንጦጦዋ ልጅ ደውላ ነበር በያቸው» አልኳት።

አስቸኳይ ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት፤ አመሰገንኳትና ስልኩን ዘጋሁት።