የሳዮ ቀይ

ሽማግሌው ቶኩጂ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ፊት ሲያነሱ ኖረው፣ በስተርጅና አንድ ቀይ ቀለም ሊያሳብዳቸው ደረሰ። በጃፓን ኦኖሚቺ ወደብ ላይ፣ ከመርከብ መጠገኛው ፊት ለፊት ባለው ፎቶ ቤታቸው ያልተነሳ ሙሽራ የለም። ሰውም ለገዛ ለቅሶው የሚሆነውን ፎቶ በቁሙ እዚያው ይነሳ ነበር። «ፈገግ በሉ እንጂ እማማ፣ ለቀስተኛው እንዳይደነግጥ!» እያሉ ቶኩጂ አሮጊቶቹን ያስቁ ነበር።

ቀልዱ የቆመው የመጀመሪያ ልጃቸው ሳዮ ስትሞት ነው። በአገሩ ልማድ ሴት ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላት ኪሞኖ የሚባለውን ከፊት የሚደረብ የባህል ልብስ ለብሳ መቅደስ ትሄዳለች፣ ፎቶ ትነሳለች። ለሳዮም ቀይ ኪሞኖ ተሰፍቶላት ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ኩፍኝ ቀደማት። ያንኑ አልብሰው የሬሳ ሣጥን ውስጥ አስተኟት። በሕይወት ያለ ሰው የኪሞኖውን ግራ ጎን በቀኙ ላይ ይደርባል፤ ቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሬሳ ብቻ ነው። ቶኩጂ በገዛ እጃቸው ቀኙን ከላይ አደረጉና አንድ ፎቶ አነሷት። እንደ አገሩ ወግ አስከሬኗ ሲቃጠል ኪሞኖውም አብሯት ተቃጠለ። ፎቶው ወየበ። ፊልሙንም የሚሠሩት ሰዎች መሥራት አቆሙ።

ታናሿ ሚትሱኤ ሰባት ሲሞላት ካሜራቸውን አላነሱም። እሷም ነገሩን በሆዷ ይዛ አደገች።

ኋላ ዲጂታል መጣ። ካሜራ ሠሪዎቹ የድሮ ፊልሞችን ስም ካሜራው ውስጥ ከተቱ፤ ስሙን ስትመርጥ ፎቶው የዚያን ፊልም መልክ ይይዛል። ቶኩጂ ሳዮን ያነሱበትን ፊልም ስም ሲያዩ ካሜራውን ገዙ፤ መንገድ ዳር ያለውን ቀይ የፖስታ ሣጥን አነሱ፤ «አይደለችም» አሉ። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር በአዲስ ትውልድ በተተካ ቁጥር ይገዛሉ፤ ሴንሰሩ በተሻሻለ ቁጥር ደግሞ ያ ቀይ ይርቃቸዋል።

«ኧረ አባባ፣ ስሙ ያው፣ ቅንብሩ ያው! አሁን ደግሞ ምን ጎደለው?» አላቸው ካሜራ የሚሸጥላቸው ባለሱቅ።

«ይሄ ጨለማውን ሁሉ አጥርቶ ያያል። የኔዋ ጨለማው ውስጥ ነው ያለችው።»

ባለሱቁ ከዚያ ወዲህ አልቀለደባቸውም።

በመጨረሻ ካረጁ ዕቃዎች መሃል አንድ የጥንት ትውልድ ዲጂታል ካሜራ አገኙ። የቀለሙን ሙቀት ጨመሩ፣ ጥላውን አጠቆሩ፣ የፖስታ ሣጥኑን አነሱ። ያ ቀይ! መንገድ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

በዚያው ዓመት የሚትሱኤ ልጅ ካሆ ሰባት ሞላት። ሚትሱኤ ቀይ ኪሞኖ ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ የምታነሳው ካሆን ነው። እኔ የሰባት ዓመት ፎቶ የለኝም፤ እሷ ግን ይኑራት። ሰማኸኝ?»

«ደግሞ ማንን ላነሳ ኖሯል?» አሉና የጥንቱን ካሜራ አነገቡ።

ልጅቷን ራሳቸው አለበሷት። «ወይ ጉድ፣ ደርቀሻል እኮ! ትከሻሽን ልቀቂው» እያሉ አስተካከሏት፣ አንድ ነገር በጆሮዋ ሹክ አሏት፣ አነሱ። የካሜራውን መስተዋት ሲያዩት ቀዩ ራሱ ነው። የልጅቷ ዐይን ተጨፍኗል።

«መጣሽ?» አሉ ቶኩጂ በደስታ። «መጣሽ የኔ ልጅ?»

ሚትሱኤ በትከሻቸው በኩል አየችና ክው አለች።

«ቀኙ ከላይ ነው! አባዬ፣ ልጄን ምን አድርገህ ነው ያለበስካት?»

ቶኩጂ እጃቸውን አዩ። መቼ እንዳደረገው አያውቁም።

«አጥፋው!»

«ሚትሱኤ፣ ሳዮ እኮ ናት… ሁለተኛ ልቅበራት?»

«የኔዋንስ በቁሟ ልትቀብራት ነው? እኔን አላየኸኝም፣ እሺ፣ ቻልኩት። እሷን ግን እያት! አንድ ጊዜ እንኳን ቀና ብለህ እያት!»

ካሜራው «ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀ። ቶኩጂ ያንን ፊት ረዥም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ተጫኑት። እየተነፋረቁ ካሆ ፊት ተንበረከኩ፣ መቀነቷን ፈቱ፣ ግራውን በቀኙ ላይ ደረቡት። ልጅቷ ይህ ሁሉ ሲሆን ንቅንቅ አላለችም።

«አያቴ» አለች።

«አቤት የኔ እናት።»

«ዐይንሽን ጨፍኚ ብለኸኝ ነበር። አሁን ልግለጠው?»