የምስር ሰዎችና እማማ ጥሩነሽ

ልጅ ሳለሁ ወሎ፣ መርሳ ላይ መብራት ሲጠፋ የሚከፋቸው ትልልቆቹ ነበሩ፤ ለእኛ ለልጆቹ ግን ደስታ ነበር፤ ያኔ የአባቴ አባት፣ አባባ ይመር፣ ከመግሪብ ሶላት መልስ ጓሮ እሳት ዳር ቁጭ ብለው የማሽላ እሸት እየጠበሱ ተረት ይጀምሩልን ነበርና። ኩራዙ በሩ ላይ ይንቀለቀላል፣ የግራሩ ጭስ ዓይናችንን ያስለቅሳል፣ የሚነሳ ግን የለም። በወጣትነታቸው ሱዳን ወርደው ስለሠሩ ተረታቸው ግማሹ የወሎ፣ ግማሹ የዓባይ ዳር ነበር። እየጨማመሩ እንደሚያወሩ ሁላችንም እናውቃለን፤ ደፍሮ የሚያርማቸው አልነበረም።

የእናቴ እናት፣ እማማ ጥሩነሽ፣ ወልድያ ላይ ያረፉት በዚያ ሰሞን ነው። እናቴ አባቴን ስታገባ ሰልማለች፤ እማማ ግን እስከ መጨረሻው ማተባቸውን አልፈቱም። አባባ ይመር ጥምጣማቸውን እንደጠመጠሙ ቃሬዛውን ተሸክመው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሸኟቸው፤ ይሄ በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። ልቤን የሰበረው በማግስቱ ቁርዓን ቤት ጓደኛዬ ያለችኝ ነው። አያትሽ ጀሀነም ነው የሚገቡት አለችኝ። ቀኑን ሙሉ እህል አልወርድ አለኝ። እናቴን እንዳልጠይቃት እሷም ይህንኑ የምትፈራ መሰለኝ።

ማምሻውን አባባን ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ እውነት እማማ እሳት ይገባሉ?»

እሸቱን አገላበጡ። ከዚያ አብሯቸው ይሠራ የነበረ ኑብያዊ የነገራቸውን፣ የምስርን፣ ማለት የግብጽን፣ የድሮ ሰዎች ወሬ አነሱ። ሰው ሲሞት ልቡ በሚዛኑ አንድ ወገን፣ የወፍ ላባ በሌላው ይቀመጣል፤ የዋሸ፣ የድሃ እርሻ የቀማ፣ ልቡ ከላባው ይከብድና ይፈረድበታል።

«የፊርዓውን ሰዎች አይደሉ እንዴ?» አልኩ፤ ያኔ ስለ ምስር የማውቀው እሱን ብቻ ነበር።

«ንጉሥ ሌላ፣ ሕዝብ ሌላ» አሉ። «የፊርዓውን የገዛ ሚስቱ አሲያ አማኝ አልነበረችም?»

«የኛ ወንዝ እነሱ ጋ ይደርሳል?» እንዲደርስ በጣም ፈልጌ ነበር።

«የለም ልጄ፣ የኛን ውሃ አፋር ላይ በረሃ ይጠጣዋል። ወንዝ አያገናኘንም፤ የኛ ኪታብም እነሱ ዘንድ አልነበረ። ግና ሐሰት እንደሚከብድ አወቁ። ማን ነገራቸው? አላህ የረሳው ሕዝብ የለማ።»

«እማማስ?»

«የሷን ፍርድ እኔ ምን አውቄ። አባትሽን ወባ የጣለው ጊዜ አጠገቡ ቁጭ ብላ ስታስታምመው የከረመች እሷ ናት። ይህን እኔ ካየሁ፣ አላህ አላየም ልበል?»

እሸቱን ሰጡኝ፤ በላሁ።

ዛሬ ወልድያ ላይ ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የጥንት ግብጾችን ጣዖት አምላኪዎች ብለው በአንድ ቃል ሊያልፏቸው ሲሉ አልለቃቸውም፤ እነዚያ ሰዎች የዚሁ የአፍሪካ ልጆች ናቸው፣ ጥያቄያቸውም የእኛው ነው። የሰው እምነት ከፍርሃት ተወለደ የሚሉ አሉ፤ አልዋጥልኝ ብሎኛል። የሚወደው የሞተበት ሰው ያ ሁሉ ደግነት ሜዳ ላይ ፈሶ እንዳይቀር ሲመኝ የተጀመረ ይመስለኛል። ማስረጃዬ ያቺ ማምሻ ብቻ ናት፤ ለፈተና አትሆንም፣ ለእኔ ግን በቅታኛለች።

ለእማማ ጥሩነሽ በየጁምዓው ዱዓ አደርጋለሁ። ሙስሊም ስላልነበሩ ለሳቸው አይሆንም ያሉኝ ሰዎች አሉ። ሰምቻቸዋለሁ፤ አላቆምኩም።