ጋሼ መንገሻ ዘፈን የሚጀምሩት በስልክ ነው

አንድ ዘፈን ዓመታት ሙሉ እያንጎራጎራችሁ፣ ማን እንደ ደረሰው ጠይቃችሁ የማታውቁበት ጊዜ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። የዘፋኙን ስም ሁላችንም እናውቃለን። ግጥምና ዜማውን ሠርቶ፣ ባንዱን ሰብስቦ ያስቀረጸው ሰው ግን ካሴቱ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ይቀራል።

አክስቴ ስፖንሰር አድርጋኝ ወደ ቶሮንቶ በበረርኩበት ምሽት፣ ከደሴ ልትሸኘኝ ከመጣችው እናቴ ጋር በታክሲ ወደ ቦሌ ስንሄድ፣ ሾፌሩ የቆየ ዘፈን ከፈተ። አንድ ሰው ፍቅረኛውን ስልኩን እንድታነሳለት ይለምናል፤ ከኋላው ኦርጋን አብሮት ይለምናል። እናቴ እንባዋን ጠርጋ ማንጎራጎር ጀመረች፤ እኔም ተከተልኳት። እየዘፈንን ቦሌ ደረስን።

ቶሮንቶ ስደርስ የኢሚግሬሽኑ መኮንን ሥራዬን ጠየቀኝ።

«አስተማሪ ነኝ።»

«የምን?»

«የአማርኛ።»

ወረቀቴን አየ፤ እኔን አየ። «እዚህ ማንን ልታስተምሪ?»

«እሱን ገና አላወቅሁም» አልኩት። ሳቀና ማህተሙን መታልኝ።

የደሴ ብርድ ይቆነጥጣል፤ የዚህኛው ግን ይነክስና አይለቅም። አክስቴ ቤት ጥቂት ከሰነበትኩ በኋላ ኢስት ዮርክ በሚባል ሰፈር የሚከራይ ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት፣ እንዳለ ሰምቼ፣ በዚያ ብርድ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ሹራብ ላይ ሹራብ የደረቡ አዛውንት ከፈቱልኝ።

«ሙዚቃ ትከፍቻለሽ?»

«ኧረ በፍጹም ጋሼ፣ መኖሬም አይታወቅም።»

«እንግዲያው ቤቱ አይሆንሽም» አሉ። «እላይ ኦርጋን ስጫወት ማን ሊታገሰኝ ነው?»

እንደምታገስ ምዬ ገባሁ። እኚህ ሰው ጋሼ መንገሻ ናቸው። የታክሲው ዘፈን የእርሳቸው መሆኑን ያወቅሁት፣ ደረጃውን እየጠረግሁ ሳንጎራጉረው ሰምተው «ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተሳስተሻል» ሲሉኝ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። ሶል የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ነው፤ አንዱ ይጣራል፣ ሌሎቹ ይመልሳሉ። ጋሼ መንገሻ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ በሸክላ ሰምተውት ተለከፉ። ተሰደው እዚህ ከመጡ በኋላ ታክሲ እየነዱ፣ እሁድ እሁድ ፓርክዴል በሚባል ሰፈር በአንድ ጃማይካዊ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ሳሎን ውስጥ የአገራችንን ልጆች ያስቀርጹ ጀመር። ካሴቶቹ በመንገደኛ ሻንጣ አገር ቤት ገቡ። ዛሬ ሠርግ ላይ የምንሰማው ያ የሚለማመጥ ኦርጋን ከዚያ ሳሎን የወጣ ነው፤ የሚጫወቱት ልጆች ግን አያውቁም።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ማንም ዘፋኝ ማይክ ፊት ከመቆሙ በፊት አገር ቤት ይደውላል፤ ስልኩ እንደተዘጋ ወዲያው ይቀረጻል። «ስልኩ ይዘጋል፣ ጉሮሮ ግን ቶሎ አይዘጋም» ይላሉ።

እኔም እዚሁ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የማስተምርበት ክፍል አገኘሁ። በአማርኛ እጠይቃለሁ፤ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። የወላጆች ኮሚቴ፣ በወላጆች ቀን ልጆቹ በአማርኛ አንድ ነገር ካላሳዩ ክፍሉ ይዘጋል አለ። የምንማርበትን አዳራሽ ዙምባ የሚባለውን የሙዚቃ ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች ይፈልጉታል። ያ ክፍል ከተዘጋ አስተማሪነቴ ደሴ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ የፊደልን ጥቅም በቅደም ተከተል የሚያስረዳ መዝሙር ጽፌ ለጋሼ መንገሻ ሰጠሁ። እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ጥሩ የትምህርት ዕቅድ ነው» አሉ። «መዝሙሩስ የታለ?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረውኝ መጡና ልጆቹን አገር ቤት ደውሉ አሏቸው። መጀመሪያ የደወለችው ሳሮን ናት፤ የምጠይቃትን ሁሉ «አይ ዶንት ኖው» የምትለኝ ልጅ። ስፒከር ላይ አድርጋ ደብረ ብርሃን ያሉትን አያቷን ጠራች። አባባ፣ ድምፅ ካናዳ የሚደርሰው በጉልበት ይመስል፣ «ሃሎ! ሳሮን! ይሰማል?» ብለው ጮኹ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ የሁሉም ቤት ስልክ እንዲሁ ይጮኻላ።

«ይሰማል አባባ» አለች ሳሮን፣ በአማርኛ።

«ይሰማል?»

«ይሰማል!» አለ ክፍሉ በሙሉ።

ጋሼ መንገሻ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ስታብራሪ፣ እኒህ አባት መዝሙሩን ሠሩልን።»

የዘፈኑ ስንኞች ከየልጁ ስልክ ተለቀሙ፦ ኮት ደርበሻል? በልተሃል ወይ? መቼ ትመጣላችሁ? በወላጆች ቀን ልጆቹ «ይሰማል?» ብለው ሲጣሩ፣ ወላጆች ማንም ሳያዛቸው ከየወንበራቸው «ይሰማል!» ብለው መለሱ። ሊቀርጹ ስልክ ያነሱት አባቶች ቀረጻውን ትተው አጨበጨቡ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ዓይናቸውን እየጠራረጉ «ዙምባዎቹ እሁድ ይምጡ» አሉ።

በማግስቱ ለእናቴ ደወልኩ፤ የታክሲያችንን ዘፈን የሠሩት ሰው ፎቁ ላይ ይኖራሉ አልኳት።

«በሕይወት አሉ እንዴ? አገናኚኝ እስቲ።»

ስልኩን ሰጠኋቸው። እናቴ ዘፈኑን ዘፈነችላቸው፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ እንደ እኔው ተሳሳተች። አላረሟትም።

«ልጄን ይዘውልኝ የሚመጡት መቼ ነው?» ስትላቸው ስልኩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ሃሎ? ይሰማል?»

«ይሰማል» አሉ ቀስ ብለው።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። እዚህ ያላችሁ ወደ አገር ቤት፣ አገር ቤት ያላችሁ ወደ እኛ ደውሉ። ስልኩ እንደተዘጋ ሌላ ነገር ሳትነኩ፣ ጆሯችሁ ውስጥ የቀረውን ድምፅ አንጎራጉሩት። ዜማ ካልወጣው፣ መልሳችሁ ደውሉ።