በርዕሰ መምህሩ ወገብ ላይ የተንጠለጠለችው ካልሲ

ዱላዎቹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የመሳቅ መብት አለኝ። የልጄ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ፍኖተ ሰላም ወዳለው የእንጨት ሥራ ቤቴ መጣና አሥራ አራት ቀጫጭን የባሕር ዛፍ ዱላ አዘዘኝ። ለድንኳን መስሎኝ ነበር። ለካስ በአንድ የፈረንጅ ልብ ወለድ ውስጥ መጥረጊያ ላይ ተቀምጠው እየበረሩ የሚጫወቱት ኳስ አለ፤ እሱን እኛ ሜዳ ላይ ሊያመጣው ነው። መብረሩ ስለማይቻል ዱላውን ጭናቸው መሃል ወሽቀው ይሮጣሉ። ለዚህ ነው እንግዲህ ሰውየው ዩኒቨርሲቲ የገባው።

ሕጉን ልጄ አስረዳችኝ። ኳሱን እንጨት ጫፍ ላይ በታሰረ ክብ ሽቦ ውስጥ ማሾለክ ነጥብ ያስገኛል። ጨዋታው የሚያልቀው ግን ከሁለቱም ቡድን ያልሆነ አንድ ሯጭ ወገቡ ላይ በስተኋላ ያንጠለጠላትን ካልሲ አንዱ ሲመነጭቃት ነው፤ የመነጨቀው ቡድን ብዙ ነጥብ ያገኛል። በእኛ በኩል ካልሲዋን የምታሳድደው ልጄ ነበረች። ከቡሬ ቡድን ጋር ተጋጥመው ያሸነፈው ባሕር ዳር ሄዶ ይጫወታል። ልጄ ባሕር ዳርን አይታ አታውቅም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበራትም። እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ አሾፍኩባት። «ፈረስሽ ገብስ በላ ወይ?» እላታለሁ።

በጨዋታው ቀን ሯጭ ሆነው የቀረቡት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? የልጄ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር! በወጣትነቴ የሚቀድመኝ አልነበረም ይላሉ፤ ማን አየ። ቦርጫቸውን ይዘው፣ ቀይ ካልሲ እንደ ጅራት አንጠልጥለው ዱብ ዱብ ሲሉ በሳቅ ፈረስኩ። የእኛ ልጆች ግን አልሳቁም። እሳቸው በመጡባቸው ቁጥር ዱላቸውን እንደያዙ ጎንበስ ብለው መንገድ ይለቃሉ። የቡሬዎቹም ቢሆኑ መጀመሪያ ላይ አፈሩ። አስተማሪው «ያዟቸው እንጂ!» እያለ ይጮሃል፤ ማን ይስማው።

በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ። ልጄ ደረሰችባቸው፤ ካልሲዋ ከእጇ አንድ ክንድ አትርቅም። ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ፤ ሳላስበው ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ «ሳቢያት!» ብዬ ጮህኩ። እጇን ዘረጋች፣ መለሰች፣ አንገቷን ደፋች።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ይለፉ» አለቻቸው።

ከቡሬ የመጣች አንዲት ቀጭን ልጅ በመሃላቸው ሹልክ ብላ ካልሲዋን ነጠቀች። አለቀ።

ወደ ቤት ስንሄድ ልጄ ታለቅሳለች። «ምን ነካሽ?» አልኳት።

«እንዴት ብየ ነው አባየ፣ ትልቅ ሰው ከኋላ የምጎትት?»

ትልቅ ሰው ሲመጣ ተነሺ፣ እጅሽን ሰብስቢ፣ መንገድ ልቀቂ እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ደፈር በይ ብያት አላውቅም። ለአስተማሪው ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት።

ሰፈራችን ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ከፊት ለፊት መጡ። ልጄ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ዳር ያዘችላቸው።

«ምን ያለች ጨዋ ልጅ ነው ያሳደግህ» አሉኝ።

አፈርኩ።