የአባቴን ሸክላ ያዘፈነችው

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ማንም አልተጎዳበትም፤ ጎረቤት እንኳ አልሰማውም። ያለው አንድ የሸክላ ማጫወቻ፣ አንዲት ቀጭን ሽቦና የእኔ ቅናት ነው። ግን ስለ ራሴ እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ከዚህ ውጭ መጀመሪያ አላገኘሁም።

አባቴ ጤና መኮንን ነው። ጋምቤላ ሲመደብ ከደጋ ይዞት የመጣው የሸክላ ማጫወቻ፣ እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር። ማጫወቻው ደህና ነው፤ ድምፁን የሚያጎላለት አምፕሊፋየር ግን ከተቃጠለ ቆይቷል። ዘንድሮ ኒውላንድ ሰፈር ይኖር የነበረ የሥራ ባልደረባው ወደ ሌላ ክልል ሲዛወር አሮጌ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ትቶለት ሄደ። አባቴም "ምሁሯ ቅዳሜ ስትመጣ ትገጥምልኛለች" አለ ተባለ። ምሁሯ እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ከተማ ቢሆንም የማድረው ዶርም ነው፤ ቤት የምመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።

ሳምንቱን ከአባቴ ጋር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። ከመቲ ከተማ መጥታ እኛ ቤት ሆና ነርስነት ትማራለች። የምትተኛው እኔ አልጋ ላይ ነው። አባቴ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት መጀመሩን የሰማሁት ከእሷ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሰማሁ ቁጥር ፈገግ እላለሁ፤ ቀድማኝ ማወቋ ግን ያስቀናኛል። ስለዚህ ይህን ሥራ እኔ እንድሠራው የግድ ሆነብኝ።

ዓርብ ዕለት በስልኬ ያገኘሁትን የእንግሊዝኛ መመሪያ ሁሉ አነበብኩ። ማጫወቻውን ከሪሲቨር፣ ማለትም ከተቀባዩ፣ ጋር አገናኙ ይላል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሪሲቨር ሲባል የዲሽ ሪሲቨር ነው። ቅዳሜ እንደ ደረስኩ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ገብቼ፣ የማጫወቻውን ቀይና ነጭ ገመድ የዲሹ ሪሲቨር ቀይና ነጭ ቀዳዳ ውስጥ ሰካሁ። ቀለሙ ልክ ገጠመ። ሸክላው ይዞራል፣ መርፌው ወርዷል፣ ድምፅ ግን የለም። ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። የአክስቴ ልጅ የታጠበ ልብስ በእጇ እንደ ያዘች በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየች።

"እህቴ፣ እሱ ድምፅ የሚያወጣ ቀዳዳ ነው" አለች ቀስ ብላ። "የሚቀበለው አምፕሊፋየሩ ላይ ነው ያለው።"

አባቴ ሳቀ። ሪሲቨር ተብሎ የማይቀበል፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የማይጠይቅ፣ ሁለታችሁ ተገናኛችሁ አለኝ። ቀልዱ ክፋት አልነበረውም፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጆሮዬ ግን ጋለ።

እሷ ልብሱን አስቀመጠችና አምፕሊፋየሩን አዞረችው። የሸክላ ማጫወቻ የሚገባበትን፣ ፎኖ ተብሎ የተጻፈበትን ቀዳዳ ፈልጋ ገመዱን ሰካች። መጀመሪያ ስፒከሩ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ። ከማጫወቻው የተንጠለጠለችውን ቀጭን አረንጓዴ ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ኋላ ካለችው ትንሽ ብሎን ሥር አስገብታ በካቻቢቴ ስታጠብቃት ጉርምርምታው ጠፋ። መቲ ያለው አባቷ ሬዲዮ ይጠግናል፤ ያደገችው እሱን ስታይ ነው። ዘፈኑ ጀመረ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና፣ "እጅሽ ይባረክ" አላት። ሳምንቱን ሙሉ እኔ የጠበቅሁት ምርቃት ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እሷ ለልምምድ ሆስፒታል ሄዳለች፣ አባቴ ገላውን ይታጠባል። ካቻቢቴውን ከመሳቢያ አወጣሁና አረንጓዴዋን ሽቦ ፈታሁ። አባቴ መጥቶ ሸክላ ሲያደርግ ስፒከሩ አጉረመረመ። እኔ ፈጠን ብዬ ሽቦዋን አገኘሁለት፤ አጠበቅሁለት። ያንኑ ምርቃት ለእኔም ሰጠኝ። እሷ ስትመለስ ግን፣ ያንቺ ሥራ ላልቶ ምሁሯ አስተካከለችው ብሎ ነገራት። አንድ ጊዜ አየችኝ።

"ይቅርታ አጎቴ፣ በደንብ አላጠበቅሁትም መሰለኝ" አለችው።

ከዚያ በኋላ ማጫወቻውን መንካት ተወች። አባቴ ሲጠይቃት፣ እንዳላበላሸው እፈራለሁ፣ ቅዳሜ ትምጣልን ትለዋለች። እንደ ተመኘሁት እኔን መጠበቅ ጀመረ። በር ላይ ሆኖ "መጣሽልን" ሲለኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ሸክላ በሰማ ቁጥር፣ እሷ እኮ ቁምነገረኛ ልጅ ናት፣ ያን ቀን ምን ነካት እያለ ያነሳታል፤ እሷም ወጥ ቤት ሆና ትሰማለች።

ሦስት ቅዳሜ ቻልኩት። በአራተኛው ምሳ ላይ፣ እሷም ባለችበት፣ "አባዬ፣ ሽቦውን የፈታሁት እኔ ነኝ" አልኩት።

የጠቀለለውን እንጀራ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ። ይቅርታ የምትጠይቂው እኔን አይደለም አለኝ። ወደ እሷ ዞሬ፣ "ይቅር በይኝ፣ እኔ..." ማለት ጀመርኩ።

"አውቄያለሁ" አለች ሳልጨርስ። "ካቻቢቴውን መልሰሽ የከተትሽው ከሹካ ጋር ነው። እንኳን ሐኪም አልሆንሽ፤ መቀስ ሰው ሆድ ውስጥ ትረሺ ነበር።"

አባቴ ሳያስበው ሳቀ፤ እኔ አለቀስኩ። ከምሳ በኋላ እንድታጫውትለት የጠራው እሷን ነው፤ እኔን አልጠራኝም። ሸክላውን እየጠረገች ሳያት እንደገና ቀናሁ፤ እዚህ ላይ አልዋሽም። ያም ሆኖ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም፤ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።